ስድስተኛው ነገ ይመጣል

በእኛ መንደር የተዋደደ ሁሉ በእኔ ጆሮ በኩል ነው ያለፈው። ሚያኦ እባላለሁ። ሻንግሃይ ውስጥ፣ ላይ ሰፈር በሚባለው፣ በአንዲት ጠባብ የጡብ መንደር መግቢያ ላይ የሕዝብ ስልክ ጠባቂ ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ምላሴን ግን አያመኝም። ያን ጊዜ በየቤቱ ስልክ የሚባል ነገር የለም። የሚደውል ሰው ለእኔ ይደውላል፤ እኔ መልእክቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በየበሩ አደርሳለሁ። ስንት ወረቀት እንዳደረስኩ ሰማይ ይወቀው። ከሁሉም ግን አንጀቴን የበላው የሱዩንና የጌንሼንግ ወረቀት ነው።

ሱዩን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። የሹራብ ክር መደብር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሸጣለች። አባቷ በሕይወት ሳሉ የባንክ ጸሐፊ ነበሩ፤ እናቷ ይህን ሳታነሳ ውላ አታድርም። ጌንሼንግ ደግሞ ከትንሹ ወንዝ ማዶ፣ ከታች ሰፈር ነው። ወላጆቹ ከሰሜን አገር በጀልባ የመጡ፣ አባቱ ፀጉር አስተካካይ፣ እሱ ራሱ በሕዝብ መታጠቢያ ቤት በትንንሽ ቢላዎች የሰው ጥፍር የሚቆርጥ፣ የደረቀ ተረከዝ የሚፍቅ። በሻንግሃይ ከዚህ በታች ሥራ የለም ይላሉ። የሚሉት ደግሞ እግራቸውን ዘርግተው የሚያስፍቁት ራሳቸው ናቸው።

ትውውቃቸው እንዲህ ነው። ጌንሼንግ ለእናቱ ክር ሊገዛ መደብሩ ገባ። ሱዩን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ስትሄድ ዝም ብሎ አያት፤ ፊቷን አይደለም፣ አረማመዷን። የግራ እግርሽ አውራ ጣት ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ ገብቷል፣ እንዴት ቆመሽ ትውያለሽ አላት። እውነቱን ነበር። በምሳ ሰዓት የመደብሩ በር ገርበብ አለ፣ ሱዩን የክር ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ እሱ ተንበርክኮ ሠራላት። አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። ጨርሶ ሲነሳ ግን ጆሮው ቀልቶ አየችው። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትነግረኝም የራሷ ጆሮ ይቀላ ነበር።

እናቷ ሰማች። ተረከዝ ፋቂ የቤቴን ደፍ አይረግጥም አለች፤ አለችና የቤተሰብ መዝገቡን ደበቀችው። ያለ መዝገቡ ደግሞ ጋብቻ የለም፤ የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ ሰው አያይም፣ መዝገብ ነው የሚያየው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ በእኔ ወረቀት ኖሩ። «ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ»፤ «ዝናብ ቢሆንም እመጣለሁ»፤ «ዛሬ አልችልም፣ እናቴ አመማት»። 

በሦስተኛው ዓመት በጸደይ ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም «ይፈርሳል» ተብሎ ተጻፈ። መንደሩ ሊነሳ ነው፣ ሰዉ ከትልቁ ወንዝ በስተምሥራቅ ወደተሠሩት ፎቆች ሊገባ ነው። ቤት የሚሰጠው በነፍስ ቁጥር ነው። መዝገቡ ላይ አምስት ሰው ላለው ሁለት ክፍል፣ ስድስት ሰው ላለው ሦስት ክፍል። ቆጠራው የሚዘጋው ወሩ በሠላሳ ሲሆን እስከዚያ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውም ይቆጠርለታል። ከዚያ በኋላ ያገባ ለራሱ አገባ።

ወይ ጉድ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በመንደራችን ሰባት ሰው ፍቅር ያዘው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የማዕዘኑ ሽማግሌ ሳይቀሩ ጥርሳቸውን አስጠግነው ሙሽራ ይፈልጉ ጀመር።

የሱዩን ቤተሰብ አምስት ነው፤ እናት፣ ሱዩን፣ ወንድሟ፣ ሚስቱና ሕፃናቸው። አምስቱም በአንዲት ክፍል፣ እናቲቱ ጣራ ሥር በሳንቃ በተሠራ ቆጥ ላይ። ማስታወቂያው በተለጠፈ በማግሥቱ እናቲቱ ዓይኗን በጨው አጥባ መስኮቴ ላይ ቆመች። ለመታጠቢያ ቤቱ ደውዪልኝ፣ ጌንሼንግን እሑድ ምሳ ጠርቼዋለሁ በይልኝ አለችኝ።

«ተረከዝ ፋቂውን?» አልኳት።

«ጌንሼንግ ይባላል» አለችኝ፣ ስሙን እኔ የማላውቅ ይመስል።

ደወልኩ። ጌንሼንግ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እናቷ ራሳቸው ናቸው ያሉት? አለኝ። ራሳቸው ናቸው አልኩት። ከኋላው የሚፈስ ውሃ ይሰማኝ ነበር። ስለ ቆጠራው ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ታች ሰፈር ማስታወቂያ አልተለጠፈም፣ እሱ ምንም አያውቅም። ሱዩን ትነግረዋለች ብዬ ዝም አልኩ። ሱዩን ደግሞ ሦስት ዓመት የጠበቅነው ደስታ በየትኛውም በር ይግባ፣ ለምን አደፈርሰዋለሁ ብላ ዝም አለች። ሁለታችንም ተሳሳትን።

እሑድ ደረሰ። የኛ ቤት ኩሽና ለአምስት አባወራ አንድ ነው፤ አምስት አምፖል ተሰቅሏል፣ ሁሉም በየራሱ አምፖል ነው የሚያበስለው፣ በጎረቤት መብራት ሽንኩርት የከተፈ ሰው ስሙ ለዓመት ይነሳል። የዚያን ቀን የእነ ሱዩን አምፖል ከማለዳ ጀምሮ በራ። ቢጫ ዓሣ ተጠበሰ፣ የአሳማ ሥጋ በአኩሪ አተር መረቅና በስኳር ተቀቀለ። እኔም ተጠራሁ፤ ለምስክርነት መሆኑ ነው። ጌንሼንግ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በገመድ የታሰረ የኬክ ካርቶንና ሁለት ጠርሙስ የሩዝ ጠጅ ይዞ መጣ። እጁን ታጥቦ ታጥቦ አንጽቶታል፤ ጣቶቹ ቀልተው ነበር። ሱዩንን አያት፣ እሷም አየችው። እንዲህ በሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን ተያይተው አያውቁም፤ እኔ አፍሬ ወደ ዓሣው ዞርኩ።

እናቲቱ የዓሣውን ጉንጭ በራሷ መብያ እንጨት አንስታ ሳህኑ ላይ አኖረችለት። ለሙሽራ የሚሰጥ ቁራሽ ነው። ከዚያ መዝገቡን ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከሠላሳ በፊት ይሁን አለች። ጌንሼንግ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለምን በዚህ ጥድፊያ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ጠጁ ግን ወንድምዬው ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ጽዋውን አነሳና «ይኸው ካንተ ጋር ስድስት ሞላን፣ ሦስተኛዋ ክፍል ገባች» አለ።

ጌንሼንግ መብያ እንጨቶቹን ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ወንድምዬው ከነዝርዝሩ አስረዳው። ጌንሼንግ እናቲቱን አላየም፣ እኔንም አላየም። ሱዩንን ብቻ አየ።

«ታውቂ ነበር?»

«ምን ለውጥ አለው?» አለች ሱዩን። «ሦስት ዓመት ጠብቀን የለም?»

ተነሳ፣ ለእናቲቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ወጣ። የዓሣው ጉንጭ ሳህኑ ላይ ቀረ። ሱዩን እስከ ደረጃው ጫፍ ተከትላው ሄዳ እዚያው ቆመች፤ መጥራት ትችል ነበር፣ ኩራት ያዛት። እኔ ያን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ያጣች ሰው ፊት ሳይሆን የተሰደበች ሰው ፊት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጌንሼንግ በእግሩ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለኝ። አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት መስኮቴ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አነበብኩት፤ አልታሸገም፣ ደግሞም ሥራዬ ነው።

«ሱዩን፣ እኔ የሰው እግር እይዛለሁ። እግሩን የሰጠኝ ሰው ፊቴን አያይም፤ ለምጄዋለሁ፣ አልከፋም። አንቺ ግን ያን ቀን ካርቶኑ ላይ ተቀምጠሽ ፊቴን አየሽ። ሦስት ዓመት የኖርኩት በዚያ ነው። እናትሽ ከበር ሲያባርሩኝ ሰው ነበርኩ፤ የሚባረር ሰው ነው። እሑድ ዕለት ግን ሰው አልነበርኩም፣ ስድስተኛ ነበርኩ። እንዲህ ሆኜ ቤታችሁ አልገባም። ወሩ ሲብት፣ በአንደኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። በሠላሳ ብትመጪ አታገኚኝም። በአንደኛው ብትመጪ ዕድሜ ልኬን ታገኚኛለሽ። ጌንሼንግ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። ኩራት እራቱ የሆነ ሰው! ሦስት ዓመት የተለመነ በር ተከፍቶለት በቀኑ ምክንያት አልገባም ይላል? ሱዩን ደግሞ ከእኔ ባሰች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ኪሷ ከተተችና «በቀን ይፈትነኛል?» አለች። «ለሱ ብዬ ስንቱን ፈላጊ መልሻለሁ፣ ከእናቴ ጋር ስንት ወር ሳልነጋገር ተቀምጫለሁ። ፈተናዬን ከጨረስኩ ቆይቷል፤ ይህን ይንገሩት፣ እትዬ ሚያኦ።» ደውዬ ነገርኩት። ገብቶኛል ብሎ ዘጋው።

ከዚያ አሥራ ስምንት ቀን ስልኩ ለሱዩን አልጮኸም። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ በመስኮቴ ታልፋለች። ምንም አትጠይቀኝም፣ እንዲያው ዓይኗን ጣል ታደርግብኛለች። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። ኩሩ ለኩሩ ተገናኝተው እኔን ገደሉኝ።

መንደርተኛው በበኩሉ ምክሩን አላቋረጠም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም አሏት። ለአንድ ቀን ብለሽ ክፍል ታጫለሽ? ሄደሽ ለምኚው፣ ካልሆነም የሚቆጠር ወንድ ሞልቷል አሏት። ያቺ የላይኛው ፎቅ ሴትዮማ ሚስት የሞተበትን ወንድሟን እስከማቅረብ ደረሰች። ሱዩን ሁሉንም አመስግና አሰናበተች።

ቆጠራው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው እናትና ልጅ እኔ ዘንድ ተገናኙ። እኔ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። እናቲቱ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለችና በዝግታ ተናገረች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጥ ላይ ተኛሁ። አንድ ቀን አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። አባትሽ እዚያው ጎኔ ሞቶ በገመድ ነው ያወረዱት። ስሸና ምራቴ ከመጋረጃው ወዲያ ትሰማኛለች። ፎቅ አላማረኝም፣ መስኮት አላማረኝም። ከውስጥ የሚዘጋ አንድ በር ነው የምፈልገው። ይህን በመፈለጌ ክፉ ነኝ?»

ክፉ አልነበረችም። የባሰውም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን እንጠላትና እንገላገል ነበር። ሱዩን የእናቷን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። እኔም ባቄላዬን ትቼ ስሌቱን ደግሜ ቆጠርኩት። በአምስት ሰው ሁለት ክፍል፤ አንዱ የወንድሟ፣ አንዱ የእናትና የልጅ። ለእናቲቱ ብቻዋን የሚሆን በር የሚገኘው ስድስት ሲሆኑ ነው። መንደሩ ሁሉ እንዲህ ነበር ያሰላው። ሌላ ስሌት ለማንም አልታየም።

ወሩ ሠላሳ ሞላ። የመንደሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ጠረጴዛውን ከስልኬ አጠገብ ዘረጋ፣ ሰዉ እንደ በዓል ተሰለፈ። እናቲቱ ደህና ልብሷን ለብሳ፣ መዝገቡን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች። ጸሐፊው ስንት ነፍስ ናችሁ አለ። እናቲቱ ልጄ ዛሬ ታገባለች፣ ጽሕፈት ቤቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፣ ስለዚህ ስድስት አለች። ይህን ስትል ድምፏ ይለምን ነበር፤ ጸሐፊውን ሳይሆን ከጎኗ የቆመችውን ልጇን።

«አምስት ነን» አለች ሱዩን።

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አምስት ብለው ይጻፉ። ስድስተኛው ነገ ይመጣል፤ የሚመጣውም ለእኔ እንጂ ለቤቱ አይደለም።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አምስት ሰው ሁለት ክፍል ያገኛል። አንዱ የወንድሜ ነው። ሁለተኛው የአንቺና የእኔ ነበር። እኔ አልገባበትም። ብቻሽን ነሽ፣ በሩን ከውስጥ ዝጊው።»

«አንቺስ የት ልትገቢ?»

«ባሌ ቤት። ታች ሰፈር።»

አንዲት የላይ ሰፈር ልጅ በገዛ እግሯ ወርዳ ታች ሰፈር ትኖራለች ብሎ ከመንደራችን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ፣ ሦስት ዓመት ወረቀታቸውን ያመላለስኩት፣ አላሰብኩትም። መልሱ ዓይናችን ሥር ሆኖ ንቀታችን ጋረደን። ያን ሰዓት በራሴ አፈርኩ።

እናቲቱ ፊቷ ነጣ። ጣራቸው ቆርቆሮ ነው፣ ያፈሳል፣ ሰው ምን ይለናል አለች። ሱዩን «ባልዲ እገዛለሁ» አለቻት። «ሰው የሚለውን ደግሞ ሲል ከርሟል፤ ከንፈሩ ይላጥ እንጂ እኔ ምን ገዶኝ።» እናቲቱ መዝገቡን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ያለዚህ አግቢ እስቲ፣ አያለሁ አለች።

«ያለሱ በሩ ላይ እንቆማለን» አለች ሱዩን። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ሰርጋችን ይኸው ነው፣ የሚያልፍ ሁሉ ይየን።»

ጸሐፊው አምስት ብሎ ጻፈ። ከሰልፉ ውስጥ እብድ ናት ያለም ነበር። እኔ አጨበጨብኩ፤ ማንም ባያግዘኝም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

በማግሥቱ ሱዩን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳለች፣ እጇ ባዶ ነው። አሥራ ስምንት ቀን አላናገራትም፣ እሷም እመጣለሁ አላለችውም፤ ይኑር አይኑር አታውቅም። እንደዚያም ሆኖ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም። እኔ የስልኬን መስኮት ቆለፍኩና የእነሱን ደረጃ ወጣሁ።

እናቲቱ ቆጡ ላይ ጎብጣ ተቀምጣለች፣ መዝገቡ ጭኗ ላይ ነው። እንደማታውቀኝ አየችኝ። ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳያት ግን ከቆጡ ሥር ቁጭ አልኩ።

«እሷ የለቀቀችልኝ በር ነው አይደል?» አለችኝ። «ይህን መዝገብ ይዤ ከቀረሁ እዚያ በር ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«አይወስድሽም» አልኳት። «እኔም አጠገብሽ ሆኜ አላስተኛሽም።»

ወረደች። በአውቶቡስ ወደ ጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን፣ መንገዱን ሙሉ መዝገቡን ደረቷ ላይ እንደያዘች ነበር። ስንደርስ ሁለቱ በሩ ላይ ናቸው፤ የእሷ መዝገብ ስለሌለ ከውስጥ መልሰዋቸዋል፣ ግን አልሄዱም። ጌንሼንግ ገና ጎህ ሲቀድ ነበር የመጣው። ሱዩንን ከሩቅ ሲያያት ወደ እሷ ሊሄድ ፈልጎ መራመድ አቃተው አሉ፤ የስንቱን እግር የሚያውቅ ሰው የራሱ እግር ከዳው። እሷ ናት እስከ እሱ የሄደችው። አጠገቡ ስትደርስ ምን እንዳለችው ጠይቄያት ነበር። ምንም አላልኩትም፣ እጁን ያዝኩት፣ እጁ በረዶ ሆኖ ነበር አለችኝ። አላፊ አግዳሚው እያያቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

እናቲቱ በቀጥታ ጌንሼንግ ፊት ቆመች። መዝገቡን ለልጇ አልሰጠችም፣ ለእሱ ዘረጋችለት። እሱ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«አልወደድኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

በኛ ዘንድ አንድ ሰው የሚስቱን እናት እንዲህ ብሎ የሚጠራው ጋብቻው ከጸደቀ በኋላ ነው። እናቲቱ ቀና አለች። «ገና አልተፈረመም» አለች።

«ሲፈረም ደግሜ እጠራዎታለሁ» አላት።

እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሱዩን እየሳቀችም እያለቀሰችም ባሏን እየጎተተች ገባች። እኔም እዚያው የቆምኩበት፣ በሰው ፊት፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ማን ይከለክለኛል።